የቺፑ ጥገና ሀዋሳ እስኪደርስ

ስልክዎን አውጥተው «ሴቲንግ» ውስጥ ይግቡ። «አባውት ፎን» የሚለውን ከፍተው የአንድሮይዱን ቨርዥን ሲነኩ፣ የደህንነት አፕዴት የሚል መስመር ከነቀኑ ይመጣልዎታል። አብዛኛው ሰው ይህችን መስመር አይቷት አያውቅም። ያያትም ቢሆን ዓይኑ የሚያርፈው ዓመቱና ወሩ ላይ ነው። ዛሬ ግን አንባቢ ቀኗን ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። 1 ትላለች ወይስ 5?

ጉግል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2015 ጀምሮ የአንድሮይድን የደህንነት ክፍተቶችና ጥገናቸውን የሚዘረዝር መግለጫ በየወሩ ያወጣል። ለዚህ ያበቃው በዚያው ዓመት የተጋለጠው «ስቴጅፍራይት» የተባለ ክፍተት ነበር፤ አንድ የቪዲዮ መልእክት በመላክ ብቻ የሰው ስልክ ውስጥ መግባት ያስችል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ መግለጫው ሁለት ደረጃ አለው። በወሩ 1 የተሰየመው የአንድሮይድን የራሱን ሶፍትዌር ክፍተቶች ይደፍናል። በ5 የተሰየመው ያንን ሁሉ ይዞ፣ በላዩ የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) እና የቺፕ ሠሪዎቹን ማለትም የኳልኮምን፣ የሚዲያቴክን፣ የዩኒሶክንና የአርምን ጥገናዎች ይጨምራል። ስለዚህ 1 የሚል ስልክ የዚያን ወር የቺፕ ጥገና አግኝቻለሁ ብሎ አይመሰክርም። (ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ጉግል አስቸኳይ የሆኑትን በየወሩ፣ የቀሩትን አብዛኞቹን በሦስት ወር አንዴ ማውጣት ጀምሯል፤ የሁለቱ ደረጃዎች ትርጉም ግን አልተለወጠም።) መስመሯ ላይ ያለው ቀን ከቆመ ዓመት ያለፈው እንደሆነ ደግሞ የ1ና የ5 ልዩነት ይቀርና ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ ጥገናው የት ቀረ?

ይህን ሀዋሳ ላይ ሆኜ የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. አንስቶ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ ሲወሰን፣ ለባጃጅ ሹፌር ስልኩን ሳይዝ ማደያ መሄድ ቀረ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ወጣት ለወላጆቿ የምትልከው ብር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ሰው የሚቀበለው ክፍያ፣ ተማሪው ያስቀመጠው የፋይዳ ቁጥር፣ ሁሉም ያለው በአንድ ቀፎ ውስጥ ነው። የባንኩ አፕ ምንም ያህል የይለፍ ቃል ቢጠይቅ ከሥሩ ያለው ከተደፈረ አያስጥልም፤ የቺፑን ክፍሎች የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ከየትኛውም አፕ በላይ ሥልጣን አለውና።

ቺፕ ሲባል አንድ ነገር ብቻ እንዳይመስለን። ዛሬ ስልክ ውስጥ ያለው ቺፕ ዋናውን ፕሮሰሰር፣ ምስል የሚያወጣውን ክፍል፣ ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረውን ሞደም፣ ድምፅና ካሜራ የሚያስተናግዱትን ክፍሎች አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው። የዚህን ሶፍትዌር አብዛኛውን ክፍል የሚጽፈው ቺፕ ሠሪው ነው። ስልኩ ላይ ስሙን ያተመው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ተረክቦ የሚገጥም እንጂ ውስጡን ከፍቶ የሚያስተካክል አይደለም። ክፍተት ሲገኝም ጥገናው የሚጀምረው ከቺፕ ሠሪው ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ነው። ቺፕ ሠሪው ጥገናውን ለስልክ አምራቹ ይሰጣል። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሞዴል ከራሱ ሶፍትዌር ጋር ያዋህደዋል፤ ጥሪውን፣ ካሜራውን፣ ባትሪውን እንዳያበላሽ ይሞክረዋል፤ በጉግል ፈተናዎች ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻ ሰርቨሩ ላይ ጭኖ በየአገሩ ጥቂት በጥቂቱ ይለቀዋል። በአንዳንድ አገሮች የቴሌኮም ኩባንያውም ካላጸደቀው አያልፍም። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ቀፎ የሚገዛው ከሱቅ ስለሆነ ይህ ኬላ እምብዛም አይገጥመንም። ጉግል መግለጫውን ለሕዝብ ከማውጣቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ለአምራቾች ያሳውቃል። ዝርዝሩ ለዓለም ሲገለጥ አምራቹ ካወቀው ቆይቷል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍተቱን ያነበበ ሌባም መሣሪያውን መሥራት ይጀምራል።

እንግዲህ ጥገናው በየትኛው ኬላ ነው የሚቆመው? የተመዘገቡ ጉዳዮችን ስናይ መልሱ ተደጋጋሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት የጉግል «ፕሮጀክት ዜሮ» ተመራማሪዎች «ማሊ» በተባለው የአርም የምስል ክፍል ላይ አምስት ክፍተቶች አገኙ። አርም በጁላይና በኦገስት ጠግኖ ጨረሰ። ተመራማሪዎቹ ኖቬምበር ላይ የሞከሯቸው ማሊ ያላቸው ስልኮች ግን አሁንም እንደተከፈቱ ነበሩ። ሳምሰንግ፣ ሺያኦሚ፣ ኦፖ ብቻ ሳይሆኑ የጉግል የራሱ ፒክሰልም ከነዚያው መካከል ነበር። ክፍተቱን ያገኘው ቡድንና ጥገናውን ያላደረሰው ስልክ የአንድ ኩባንያ ናቸው! ማሊ ደግሞ በብዙ የሚዲያቴክ ቺፖች ውስጥ አለ፤ ሚዲያቴክ ማለት ደግሞ ሀዋሳ ፒያሳ የተደረደሩት የብዙዎቹ ስልኮች ሆድ ዕቃ ማለት ነው።

የሚዲያቴክ የራሱ ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። «ሚዲያቴክ ኤስዩ» የተባለው ክፍተት በ2019 መጀመሪያ ላይ በአደባባይ ታወቀ። ማንኛውም ተራ አፕ ጥቂት ትእዛዝ በማስኬድ ብቻ ስልኩን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ይችል ነበር፤ ለርካሽ ስልኮች የሚሠሩ በርካታ የቺፕ ዓይነቶችን ይነካል። የታይዋኑ ሚዲያቴክ ጥገናውን በሜይ 2019 አዘጋጀ። በጉግል ወርኃዊ መግለጫ ውስጥ የገባው ግን በማርች 2020 ነው። በመሃል አሥር ወር አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ በጃንዋሪ 2020፣ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ይህንኑ ክፍተት የሚጠቀሙ የስለላ አፖችን ፕሌይ ስቶር ላይ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ቺፕ ሠሪው ድርሻዬን ተወጥቻለሁ ማለት ይችላል። ነገር ግን ስልክ አምራቹን «ጫን» ብሎ የሚያስገድድበት ሥልጣን አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የበርሊኑ ሴኪዩሪቲ ሪሰርች ላብስ ባልደረቦች ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል ያወጡት ጥናት ደግሞ ሌላ ጉድ አሳየ። የ1,200 ስልኮችን ሶፍትዌር ፈትሸው፣ አንዳንዶቹ በሴቲንግ ላይ የሚያሳዩት ቀን ውስጣቸው ካለው ጥገና ጋር እንደማይገጥም አገኙ። የጎደለው በቺፕ ዓይነት ሲሰላ፣ የሳምሰንግ ቺፕ ባላቸው ስልኮች በአማካይ 0.5፣ ኳልኮም ባላቸው 1.1፣ ሚዲያቴክ ባላቸው 9.7 ጥገና ነበር። ምክንያቱ ቺፑ ብቻ አይደለም። ርካሽ ቺፕ የሚገባው ርካሽ ስልክ ውስጥ ነው፤ የርካሽ ስልክ አምራች ደግሞ ለሸጠው ሞዴል መሐንዲስ መድቦ ለዓመታት ማቆየት አያዋጣኝም ይላል። አንዳንድ ክፍተት ደግሞ ቺፕ ሠሪው ካልጠገነው በቀር ስልክ አምራቹ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ከጥናቱ በኋላ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ለዚያ ዓይነት መጓደል የሚገፋፋው የገንዘብ ስሌት ግን እንዳለ ነው።

ሰው «ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» እንዳይለኝ ወደ አገራችን ልምጣ። በኦገስት 2020 የአፕስትሪም ኩባንያ የደህንነት ክፍል የሆነው «ሴኪዩር ዲ» እና በዝፊድ ኒውስ ያወጡት ምርመራ፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 የተባለ ርካሽ ስልክ «ትሪያዳ» እና «ኤክስሄልፐር» የተባሉ ቫይረሶችን ከካርቶኑ ጀምሮ ይዞ መሸጡን አጋለጠ። በዋናነት የተነኩት ተብለው ከተጠቀሱት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አለች፤ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ተከትለው ተጠቅሰዋል። ቫይረሱ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶች ውስጥ እያስመዘገበ የሞላውን ካርድ ይበላ ነበር። ከማርች 2019 ወዲህ ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች መታገዳቸውም ተገለጸ። የብራንዱ ባለቤት ትራንሲዮን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ፣ ስሙን ባልጠቀሰው አቅራቢ ላይ አሳብቦ፣ የትሪያዳን ማስተካከያ በማርች 2018 መልቀቁን ተናገረ።

እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ማስተካከያው በማርች 2018 ወጥቷል፤ የታገዱት ግብይቶች መቆጠር የጀመሩት ከማርች 2019 ነው። ይህ የቺፕ ክፍተት ሳይሆን የቫይረስ ጉዳይ ነው፤ ይሁን እንጂ ማስተካከያው የሚጓዝበት መንገድ ያው የቺፕ ጥገናው መንገድ ነው። የአንዱ ቫይረስ ማስተካከያ ተለቀቀ ከተባለ ከዓመት በኋላም የሰው ካርድ ለመብላት የሚሞክሩ ስልኮች ኪስ ውስጥ ነበሩ።

ትራንሲዮን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስልክ በኢትዮጵያ እየገጣጠመ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ስልክ ለብዙ ሰው ያደረሰው እሱ መሆኑን ማንም አይክደውም። ሆኖም ካርቶኑ ላይ «በኢትዮጵያ ተገጣጠመ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ጥገናው ምንም አይነግረንም። እዚህ የሚደረገው ዕቃውን መግጠም፣ መፈተሽና ማሸግ ነው። የሶፍትዌሩ ቁልፍ፣ አፕዴቱ የሚለቀቅበት ሰርቨር፣ «ይህ ሞዴል ከዚህ በኋላ አይጠገንም» ብሎ የሚወስነው ክፍል ሁሉ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ አገር ውስጥ የተገጣጠመ ሁሉ አገር ውስጥ ይጠገናል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

አሁን ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች አንዱ ውስጥ እንግባ። ልጁ የሚዲያቴክ ቺፕ ያለው የተቆለፈ ስልክ ይዟል። ያጠፋዋል፣ የድምፅ ቁልፎቹን ተጭኖ ይይዝና ገመዱን ኮምፒዩተሩ ላይ ይሰካል። ስክሪኑ ሳይበራ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ስልኩን ያውቀዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የጉግል አካውንቱ መቆለፊያ ተነሥቷል። ልጁ በሐቀኝነት ነው የሚሠራው፤ ደምበኛው የይለፍ ቃሉን ረስቶ መጥቷል። ግን ምን ላይ ተመሥርቶ እንደሠራ እናስተውል። በብዙ የሚዲያቴክ ቺፖች ውስጥ ስልኩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሮጠው ኮድ፣ «ቡት ሮም» የሚባለው፣ ቺፑ ሲመረት የሚቀረጽና ከዚያ በኋላ የማይለወጥ ነው። እዚያ ላይ ክፍተት ከተገኘ በአፕዴት አይደፈንም፤ የልጁ ፕሮግራምም የገባው በዚህ በኩል ነው። አይፎንም ከዚህ አላመለጠም። «ቼክሜት» ተብሎ የሚነበበው ቼክም8 የተባለ የ2019 ግኝት ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን ኤክስ ያሉትን ይነካል፤ ያገለገለ አይፎን 7ና 8 ደግሞ ዛሬም ገበያችን ላይ ይሸጣል። የዚህ ዓይነት ክፍተት ስልኩን በእጅ መያዝ ስለሚጠይቅ ከሩቅ ሆኖ አይሠራም። ስልክ የጠፋበት ሰው ግን ይህንን አውቆ ሲሙን በዚያው ሰዓት ማዘጋት፣ ቴሌብሩንና የባንክ አካውንቱን ማስቆም አለበት።

በእንዲህ ያሉ ሱቆች ሌላም ያስተዋልኩት አለ። ስልክ «ፍላሽ» ሲደረግ የሚጫነው ሶፍትዌር ከኢንተርኔት የወረደ፣ ስልኩ ከነበረበት የቆየ ሊሆን ይችላል። ሥራው አልቆ ስልኩ ሲነሣ የደህንነት ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቻለሁ። ደምበኛው ስልኩ ስለፈጠነለት ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ። በዓመታት የተጠራቀመ ጥገና ግን በአንድ ጊዜ ተገፎለት ነው የወጣው። ጠጋኞቻችን ከመጫናቸው በፊት የነበረውን ቀን ለደምበኛው አሳይተው፣ ከጫኑ በኋላም ቀኑ እንዳልወረደ ቢያረጋግጡ ትልቅ ነገር ነው። ደምበኛውም ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

ጥገናው ይህን ሁሉ አልፎ ስልኩ ደጃፍ ላይ ቢደርስስ? «አፕዴት አለ» የሚለው ማሳሰቢያ ይመጣል። ዋይፋይ ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ያለው ስንቱ ነው? በዳታ ላውርደው ቢል ፓኬጁን ይበላበታል። ሜሞሪው በቲክቶክ ቪዲዮና በቴሌግራም ፋይል ሞልቶ «ቦታ የለም» ይለዋል። ባትሪው በቂ አይሆንም፤ ወይም መብራት ይጠፋል። «ነገ» ይላል፤ ነገም እንደዚሁ። ይህን የተጠቃሚው ስንፍና አድርጎ መውሰድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለአንድ ቀን ፓኬጅ የሚገዛ ሰው የፓኬጁን ግማሽ ለማያየው ጥገና እንዲያውል ነው የምንጠብቅበት። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም የደህንነት አፕዴት የሚወርድባቸውን የአምራቾች ሰርቨሮች ከዳታ ክፍያ ነፃ ቢያደርጉ፣ በሌሊት ሰዓት ብቻ እንኳን ቢሆን፣ ይህ ኬላ በአብዛኛው ይነሣ ነበር። የኔትወርኩ ባለቤቶች እነሱ፣ በስልኩ ላይ የሚንቀሳቀሰው የቴሌብርና የኤምፔሳ ገንዘብም የእነሱ አገልግሎት ነውና ጥቅሙ መልሶ ለራሳቸው ነው።

ዋናው ቋጠሮ ግን ዕድሜው ነው። ጉግል ከፒክሰል 8፣ ሳምሰንግ ከኤስ24 ጀምሮ ሰባት ዓመት ጥገና እንሰጣለን ብለዋል። በፌብሩዋሪ 2025 ኳልኮምና ጉግል ለአዳዲሶቹ ውድ ቺፖች እስከ ስምንት ዓመት የሚደርስ ድጋፍ አስታውቀዋል። ይህ ሁሉ የውዱ መደብ ተስፋ ነው። ወደ ታችኛው መደብ ሲወርድ ዓመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ በብዙ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ጭራሽ የተጻፈ ነገር የለም። እኛ ጋ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ርካሹን ስልክ የገዛ ሰው ነው ለረጅም ጊዜ የሚይዘው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ከወረደ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ስልክ መቀየር የበለጠ ከበደ። አባት የተጠቀመበት ለልጁ፣ ልጁ የተጠቀመበት ገጠር ላለችው አክስቱ ይሄዳል። ጥገናው ካበቃ ዓመታት ያለፉት ቀፎ ላይ ቴሌብር ተጭኖ ይሠራል።

አይቻልም የሚሉንን የምጠይቃቸው አለኝ። የኔዘርላንዱ ፌርፎን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ፌርፎን 2፣ ኳልኮም ለቺፑ የሚሰጠውን ድጋፍ ካቆመ በኋላ እንኳ በትንሽ ቡድን እየጠገነ እስከ 2023 አቆይቶታል። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16ን ከውዶቹ ተርታ ሳይሆን በመካከለኛ ዋጋ አውጥቶ ስድስት ዓመት ጥገና ቃል ገብቶበታል። ስለዚህ ከገንዘብና ከግዴታ በቀር የሚያግድ ነገር የለም። ግዴታውን የሚያመጣው ደግሞ መንግሥት ነው። በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራች ለስንት ጊዜ እንደሚጠግን ሳይገልጽ መሸጥ አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ፣ አንድ የስልክ ሞዴል ለገበያ መቅረብ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት አፕዴት እንዲያገኝ፣ የደህንነት ጥገናም ከወጣ በአራት ወር ውስጥ በነፃ እንዲደርስ ሕግ ሆኗል።

ኢትዮጵያ ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልጋትም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም መሣሪያዎች ዓይነታቸው እየታየ እንዲፈቀዱ የማድረግ ሥራ አለው። ዛሬ በእንዲህ ያለው ፈቃድ የሚታየው በዋናነት ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር መስማማቱና ጉዳት አለማስከተሉ ነው። በዚያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ማለትም ይህ ሞዴል እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት የደህንነት ጥገና ያገኛል የሚል፣ ያም ቀን በካርቶኑ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛና በሌሎቹም የሥራ ቋንቋዎች ቢታተም፣ ገዢው ወተት ሲገዛ የሚያየውን የመጠቀሚያ ቀን ስልክ ላይም ያየዋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ደግሞ የተባለው ቀን መከበሩን በናሙና መፈተሽ የሚያስችል ሙያ አለው።

ኮንትሮባንዱስ? የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ሕግ አክባሪው አስመጪ ካርቶን ላይ ቀን ሲጽፍ፣ ከሞያሌ መስመር ሾልኮ የገባው ምንም ሳይጽፍ ይሸጣል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ለዚህ መልሱ ቁጥጥር ብቻ አይሆንም። የበርሊኖቹ ተመራማሪዎች ስልክ ላይ ተጭኖ የጎደለውን ጥገና የሚያሳይ አፕ በነፃ ለቅቀው ነበር፤ እንዲህ ያለ ምርመራ ትልቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ከከተማው ገበያ በብዛት የሚሸጡትን ሞዴሎች ሰብስበው፣ ሴቲንጉ የሚለውን ቀንና ውስጡ ያለውን ጥገና እያስተያዩ የመመረቂያ ሥራቸው ቢያደርጉት የሚያስፈልጋቸው ስልኮቹ፣ ኮምፒዩተርና የመምህር ድጋፍ ነው። ውጤቱ በሞዴል ስም ተዘርዝሮ በየስድስት ወሩ ይውጣ። ስልኩ በየትኛውም በር ይግባ፣ ሻጩ ካሜራውና ሜሞሪው ስንት እንደሆነ ሲነግረው፣ ገዢው ዝርዝሩን ከኪሱ አውጥቶ ጥገናው እስከ መቼ እንደሆነ ይጠይቀው።